ሶቭየት ከጀርመን ጦርነት በፊት የረባ ባህር ኃይል ነበራት?

ፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ ብሔራዊ ጋ መንገድ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሀል የሶቭየት ባህር ኃይል የፎቶ መጽሐፍ አግኝቼ ገዛሁ፣ በሩሲያኛ ስለሆነ ፎቶ ብቻ ነው የማየው። ማኪያቶ ላይ ለጓደኛዬ ሳሳየው "ከጀርመን ጦርነት በፊት እኮ የነበራቸው የዛር (የድሮው የሩሲያ ንጉሥ) ቅራቅንቦ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው እንዴ?

የምፅዋ ሰው፦
ልጄ፣ ጓደኛህ ግማሹን አልሳተም። ባትልሺፕ (ከባድ መድፍ የታጠቀ ግዙፍ የጦር መርከብ) 3 ብቻ ነበራቸው (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሦስቱም የዛር ናቸው፣ ስም ነው የተቀየረላቸው። ፔትሮፓቭሎቭስክ "ማራት"፣ ሴቫስቶፖል "ፓሪዥስካያ ኮሙና" ተባሉ፣ በ1921 ክሮንሽታት የሚባለው የባህር ኃይል ጣቢያ ላይ መርከበኛው ያመፀው እነዚህ ላይ ስለነበር ስማቸውን ለመፋቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አራተኛ እህታቸው በ1919 ተቃጥላ ቀርታለች። ከጥቁር ባህር የተረፈውን ደሞ ነጭ ጦር የሚባሉት የቦልሼቪክ ጠላቶች በ1920 ሲሸሹ ይዘውት ቱኒዚያ ቢዘርታ ገቡ፣ በዛው ቀረ። በ1938 አዳዲስ ግዙፍ ባትልሺፖች ጀምረው አንዷም አላለቀች። አድሚራሎቹንም ራሱ ስታሊን ፈጃቸውና ኩዝኔትሶቭ በ34 ዓመቱ የባህር ኃይል ኮሚሳር (ሚኒስትር እንደማለት) ሆነ፣ እኔ በዛ ዕድሜ ሻምበል ነበርኩ 😄

ዜድ ካዛንቺስ፦
ጋሼ ሰብማሪኑን (ባህር ሰርጓጁን) ረሱት እኮ! በ1941 ጀርመን ሲገባባቸው ከ200 በላይ ነበራቸው፣ በቁጥር ማንም አይደርስባቸውም። ችግሩ ባህራቸው የተበታተነ ነው፣ ባልቲክ፣ ጥቁር ባህር፣ ሰሜን፣ ፓሲፊክ፣ አንዱ ለሌላው አይደርስም። ለዛ ብለው "ማሊዩትካ" የምትባለውን ትንሿን ሰብማሪን በባቡር ተጭና ቭላዲቮስቶክ እንድትደርስ አድርገው ሰሯት። ደሞ በ1919 የሰጠመች የእንግሊዝ ሰብማሪን ነበረች፣ ኤል 55፣ በ1928 ከባህር አወጧትና የሞቱትን መርከበኞች አስከሬን ለእንግሊዝ መልሰው እሷን ጠግነው ራሳቸው ገቡባት 😂

አራዳ፦
እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። "ኪሮቭ" የሚባሉት ክሩዘሮች (ከባትልሺፕ አነስ ያሉ የጦር መርከቦች) ዲዛይን መነሻው ጣልያን ነው፣ "ታሽከንት" የምትባለዋ ፈጣን መርከብ ጭራሽ እዛው ሊቮርኖ ነው የተሰራችው፣ ሥራው የተጀመረው በፈረንጅ በ1937። የካቲት 12 ሕዝባችን እዚህ ሲጨፈጨፍ ማለት ነው። በአንድ በኩል ሶቭየት ወረራውን እውቅና አልሰጠችም፣ በሌላ በኩል ለሞሶሎኒ ፋብሪካ ብር ትከፍላለች፣ ወይ ፖለቲካ።

ፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ በጣም እናመሰግናለን፣ እናንተም። አሁን ገልጬ አየሁት፣ አባባ ኦዴሳ ስለተማሩ ከፎቶው ስር ያለውን አነበቡልኝ፣ ታሽከንት አለች፣ ሊቮርኖ የሚል ግን የትም የለም።