የቤተሰቡን ደም የመለሰው የቀድሞ ወታደር እንዴት ነፃ ሊወጣ ቻለ?

ጥያቄ፦ ታሪክ ፈላጊ

ሰሞኑን ስለ ሾሎም ሽዋርዝባርድ እያነበብኩ ነው። ሰውየው ፓሪስ ይኖር የነበረ ሰዓት ሠሪ ሲሆን፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ተመዝግቦ ተዋግቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ክፉኛ ቆስሎም የጦር ሜዳ መስቀል ኒሻን ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1926 ራሲን በተባለው ጎዳና ላይ የቀድሞውን የዩክሬን መሪ ሲሞን ፔትሊዩራን በስሙ ጠርቶ ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ በሽጉጥ ገደለው። ከቦታው አልሸሸም፤ በዩክሬን በአይሁድ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ያለቁትን ዘመዶቹን ደም መመለሱን ለፖሊስ ተናገረ። ይህም ሆኖ በኦክቶበር 1927 ነፃ ተለቀቀ። አስቦበት፣ ፈልጎ አግኝቶ የገደለ፣ መግደሉንም ያልካደ ሰው እንዴት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ? ያዳነው ወታደርነቱ ነው?

መልስ፦ የሕግ ሰው

መልሱ በከፊል በጊዜው ከነበረው የፈረንሳይ የችሎት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያን ዘመን ጥፋተኝነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡት 12 ሰዎች ብቻቸውን ነበሩ፤ የሚመልሱትም «አዎን» ወይም «አይደለም» ብለው ነው፤ ለውሳኔያቸው ምክንያት የመስጠት ግዴታ አልነበረባቸውም። በዚህ ሥርዓት የፈረንሳይ ሶሻሊስቶች መሪ የነበረውን ዣን ዦሬስን የገደለው ራውል ቪሌን በ1919 ነፃ ወጥቷል፤ ዠርሜን ቤርቶንም አንድ የቀኝ አክራሪ ቡድን አባል መግደሏን ሳትክድ በ1923 ተለቃለች። የቤርቶን ጠበቃ የነበረው ኦንሪ ቶሬስ ነው፤ ለሽዋርዝባርድ የቆመውም እሱው ነው።

ቶሬስ ችሎቱን በገዳዩ ላይ ሳይሆን በጭፍጨፋው ላይ እንዲያተኩር አደረገው። ብዙ ምስክሮች አዘጋጅቶ ሳለ አብዛኞቹን ሳያሰማ ተዋቸውና፣ በፌብሩዋሪ 1919 በዩክሬኗ ከተማ በፕሮስኩሮቭ የሆነውን ጭፍጨፋ በዓይኗ ያየችውን ነርስ ሃያ ግሪንበርግን አቀረበ። በእኔ እምነት የተከሳሹ ዕጣ የተወሰነው ይህች ሴት ስትናገር ነው። እርግጥ ነው፣ ለፈረንሳይ ደሙን ያፈሰሰ ሰው በፈረንሳውያን ፊት መቅረቡ ረድቶታል፤ ብቻውን ግን አያድነውም ነበር።

መልስ፦ መዝገብ አገላባጭ

ስለ ወታደርነቱ ለተነሣው ጥያቄ የበርሊኑን ችሎት ማነጻጸር ይጠቅማል። አርመናዊው ሶጎሞን ቴህሊሪያን እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1921 የኦቶማን መንግሥት የቀድሞ ባለሥልጣን የነበረውንና በአርመናውያን ጭፍጨፋ ዋና ተጠያቂ የሚባለውን ታላት ፓሻን ገደለ፤ በጁን ወርም ነፃ ተባለ። እሱም የተዋጋ ሰው ነበር፤ ከሩሲያ ጦር ጎን በተሰለፉት የአርመን በጎ ፈቃደኞች ውስጥ አገልግሏል። በችሎቱ ላይ ግን ቤተሰቡ ሲታረድ አብሮ እንደነበረና ከሬሳ መካከል እንደተነሣ ተናገረ፤ ስለ ውትድርናው ያወሳው ነገር አልነበረም። በኋላ በራሱ ማስታወሻ እንደታወቀው በዚያ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር አልነበረም፤ የገደለውም ብቻውን አስቦ ሳይሆን በአንድ የምስጢር ቡድን ተልኮ ነው። የፓሪሱ ተከሳሽ ኒሻኑ ሲጠቅመው፣ የበርሊኑ ተከሳሽ ወታደርነቱ ቢታወቅ ኖሮ ጀርመኖች የሚያዩት እንደ ጠላት ጦር ተዋጊ ነበር። ሐዘን ያደቀቀው ተማሪ መስሎ መቅረቡ ግን በድርጊቱ ጊዜ በነፃ ፈቃዱ አልተመራም የሚለውን መከላከያ አጠናከረለት። ስለዚህ የቀድሞ ወታደር መሆን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም የተዋጋው ለማን እንደሆነ ታይቶ ነው።

ታሪክ ፈላጊ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የከነከነኝ ሌላ ነው፦ ፔትሊዩራ በእርግጥ ደመኛው ነበር?

መልስ፦ የሕግ ሰው

ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው፤ ችሎቱም አልመለሰውም። ጭፍጨፋውን ከፈጸሙት መካከል በፔትሊዩራ መንግሥት ሥር የነበሩ ወታደሮች እንዳሉበት አያጠራጥርም። እሱ ራሱ ግን በኦገስት 1919 ጭፍጨፋን የሚያወግዝ ትእዛዝ አውጥቷል። ማስቆም እየቻለ ዘገየ የሚሉም፣ ጦሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር የሚሉም የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንዲህ ያለው ክርክር ሊጣራ የሚችለው ፔትሊዩራ ራሱ በሕይወት ቆሞ መልስ ሲሰጥ፣ ትእዛዞቹ ተነበው ምስክሮቹ ሲጠየቁ ነው፤ ሽዋርዝባርድ ይህን ዕድል በጥይት ዘጋው። የቤተሰቡን ሐዘን ከልቤ እጋራለሁ፤ ድርጊቱን ትክክል ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

በሌላ በኩል፣ በ1926 ፔትሊዩራን ሊከስ የሚችል ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። አንድ መንግሥት በግዛቱ ያለውን ሕዝብ ቢያስጨርስ መሪውን በወንጀል የሚጠይቅ ሕግ አልነበረም፤ ዘመዶቹን ያጣ ሰው «ክሰስ» ቢባል የሚከስበት ደጃፍ አልነበረውም። ፖላንዳዊው የሕግ ሰው ራፋኤል ሌምኪን ሁለቱንም ችሎቶች የተከታተለው ይህን ክፍተት እያሰበ ነው፤ በእሱ ብርቱ ጥረት የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1948 በተባበሩት መንግሥታት ጸደቀ።