ገደል ላይ የሚጮኸው ቆቅ ነው ወይስ ጅግራ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ቆቅ ነው ወይስ ጅግራ? «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚባለውስ እውነት ነው? ጫጩቱን ከዶሮ ጋር ማሳደግስ ይቻላል?

መልስ፦ ቆቅ ነው። ጅግራ ራሷ ላይ ላባ የላትም፤ ገላዋ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ በመንጋ ትሄዳለች። የገደሉ ቆቅ አናቱ ቀይ ቡኒ፣ ግንባሩና ምንቃሩ ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ ነው። ወንዱ ይገዝፋል፤ ከእግሩ በስተኋላ እንደ አውራ ዶሮ ሹል አለው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሁለት። መንዝ ጓሳ ሣር ውስጥ ያለችው ቆቅ ግን ሌላ ዓይነት ናት፦ አነስ ያለች፣ ስትበር ክንፏ ቀላ የሚል።

መልስ፦ «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚባለው እውነት ነው። ቆቅ መሮጥ ይመርጣል፤ እስኪደርሱበት አድፍጦ ድንገት ቡር ይላል፣ ትንሽ በርሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። የተመዘገዘገው (የተወረወረው) ዱላ የሚያርፈው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» መባሉም ሲያንስ ነው!

መልስ፦ ጫጩቱን እባክህ ተወው። እናት የጣለችው ቢመስልም አደጋ ሲመጣ ተበትነው ያደፍጣሉ፤ ሰው ሲርቅ ጠርታ ትሰበስባቸዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምስጥና ትላትል ይፈልጋል፤ እህል ብቻ ከበላ ይደክማል። የዶሮ ግቢ አፈር ደግሞ ተቅማጥ ሊያስይዘው ይችላል። ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ መያዝ ክልክል ነው።