መንታ ያረገዘች የወንድሜን ሚስት እንዴት ወደ ከተማ ላምጣት?

ሰላም እህት ወንድሞች። እኔ ጎንደር፣ አዘዞ ነኝ፤ የወንድሜ ሚስት ደምቢያ ገጠር ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በአልትራሳውንድ መንታ መሆኑ ታውቋል፤ አንደኛው በመቀመጫው ነው። ሐኪሙ «መንታ ብዙ ጊዜ ቀኑን አይጠብቅም፣ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል አጠገብ ቆዪ» ብሏታል። እናቴ ግን «የመጀመሪያውን እዚሁ ጓዳ ወልዳው የለ!» ብላ አትለቃትም። ክረምት ነው፤ ጭቃው ባጃጅ አያሳልፍም፤ ምጡ ሌሊት ከመጣ ያለን ቃሬዛ ብቻ ነው።

የእናቶች ማቆያ (ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ ጤና ተቋም አጠገብ የሚቆዩበት ቤት) የቆያችሁ ካላችሁ፣ ትልቁን ልጅ ይዞ መግባት ይፈቀዳል? ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ አይለይም። እናቴንስ ማን ቢያናግራት ትሰማለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይስ የነፍስ አባቷ? እኔ የነፍስ አባቷን አስቤያለሁ (የኔንማ ምክር መቼ ሰምታ ታውቃለች)።

ሌላው፣ ከ2 ኪሎ በታች ሆነው ቢወለዱ ልብሳቸው ወልቆ ደረት ላይ ታቅፈው እንደሚሞቁ ተነግሮናል። ሁለቱን እሷ ብቻዋን አትችልም። ወንድሜ «አንዱን እኔ እታቀፋለሁ» ቢል ቤተሰቡ ሳቀበት። እንዲህ ያደረገ አባት ካለ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደተኛ ይንገረኝ።