«ላንጋኖ የትም አይሄድም»

የባንኳ ልጅ፦
ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን ልንወጣ ስንል «ሥልጠና አለ፣ ማንም እንዳይቀር» ተባልን። አሠልጣኙ ከውጭ የተጋበዘ ነው። ሱፍ፣ ክራቫት፣ ጆሮው ላይ ማይክ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሙያ ዕድገት አወራ። መጨረሻ ላይ አንዷ እጇን አውጥታ «ዕረፍት ስንጠይቅ ለምንድነው ፊት የሚጠቁርብን?» አለችው። ሳቀ። «ሃያዎቹ የመዝሪያ ጊዜ ናቸው። ላንጋኖ የትም አይሄድም፤ ዕድገት ግን ይሄዳል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው።

26 ዓመቴ ነው። ባንክ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማታ ማታ ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። ጓደኞቼ ሦስት ጊዜ ላንጋኖ ሄደዋል። ሦስቱንም ጊዜ «ለቀጣዩ» አልኳቸው። አሁን መጠየቁንም ትተውታል። እስቲ ንገሩኝ፣ እውነት የትም አይሄድም?

ቆጣቢው፦
ሰውየው ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የነገራችሁ። እኔ 31 ዓመቴ ነው። ሃያዎቹን ቀን ሒሳብ ቤት፣ ማታ ክፍል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ጓደኞቼ ፏ ሲሉ እኔ አሳይመንት ስጽፍ ነበር። ዛሬ እኔ የክፍል ኃላፊ ነኝ። እነሱ ሲቪ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። ላንጋኖም አልጠፋም፣ እዚያው ነው።

ሚጡ፦
ቆጣቢው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁንስ ሄድክ?

ቆጣቢው፦
የት?

ሚጡ፦
ላንጋኖ ነዋ።

ቆጣቢው፦
ገና ነው። ኃላፊ ስትሆኚ ጊዜ አይኖርሽም። እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሚጡ፦
ኧረ እሱ ነው ጉዳዩ! በሃያዎቹ ስለዘራ ጊዜ የለውም፣ በሠላሳዎቹ ኃላፊ ስለሆነ ጊዜ የለውም። ላንጋኖስ የትም አልሄደም፣ አንተም የትም አልሄድክም።

የሐረር ልጅ፦
«ሐይቅ የትም አይሄድም» ያለው ሰው ሐሮማያን ሰምቶ ያውቃል? ልጅ ሆነን ጀልባ እናይበት የነበረ ሐይቅ ደርቆ ሜዳ ሆኖ አየነው። ሐይቅ ይሄዳል ወገኔ። እኛ ሸኝተን እናውቃለን።

ጎሮ ሰፈር፦
ሐሮማያ ተመልሷል እኮ። ሰሞኑን ፎቶ አይተህ የለ? ስለዚህ አሠልጣኙ ትክክል ነው።

የሐረር ልጅ፦
ተመልሷል። የእኔ ሃያዎቹስ ተመልሰው ይመጣሉ? ደግሞ ላንጋኖን ትተህ ጎረቤቱን አብያታን ተመልከት። ባለፉት አሥርት ዓመታት ዳርቻው ብዙ ሸሽቷል። ውሃው እየተጠለፈ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ሲስበው ኖሮ። ድሮ በርበሬ የመሰለ ፍላሚንጎ የሞላበት ነበር።

ጎሮ ሰፈር፦
ክርክሩ ስለ ሥራ ነው፣ አንተ ወደ ሥነ ምኅዳር ወሰድከው።

የሐረር ልጅ፦
«የትም አይሄድም» ያለው እኔ ነኝ እንዴ?

ሻይ በሎሚ፦
እኔን የገረመኝ ያቺ «መዝሪያ» የምትለው ቃል ናት። ሰውየው ገጠር አያውቅም። አባቴ ገበሬ ነው። ሰኔ ላይ ይዘራል፣ ኅዳር ላይ ያጭዳል፣ ጥር ላይ ሠርግ ነው። በዓመቱ! አሥር ዓመት ሙሉ እየዘራ፣ አንድም ቀን ሳያጭድ የሚኖር ገበሬ የት ነው ያለው? እንዲህ ያለውን ሰው በእኛ አገር ጠበል ነው የሚወስዱት።

ቆጣቢው፦
ጤፍ ብቻ ነው እንዴ የሚዘራው? ቡና ተክለህ በሦስት በአራት ዓመት ነው ፍሬ የምታየው። ሙያም እንደ ቡና ነው።

ሻይ በሎሚ፦
ቡና የተከለ ሰው ግን እስኪያፈራለት ቡና መጠጣቱን አያቆምም።

ሚጡ፦
😂😂 አለቀ። ይዘጋ።

ቆጣቢው፦
ሳቁ። የቀልድ ሰው መሆን ቀላል ነው። ኪራይ ሲመጣ ግን ቀልድ አይከፈልም።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ዕረፍት ስጦታ አይደለም፣ መብት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አሠሪው ለሥራው ሲል ሊያስተላልፍብሽ ይችላል፣ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሊያቆየው አይችልም። ሥራ ላይ እያለሽ በገንዘብ ልለውጥልሽ ማለትም ክልክል ነው። እህቴ፣ ስንት ቀን ተጠራቅሞልሻል?

የባንኳ ልጅ፦
ከተቀጠርኩ ጀምሮ የወሰድኩት 9 ቀን ነው። አምስቱ ለአያቴ ለቅሶ፣ አራቱ ለፈተና።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
በሕግ አምላክ! አራቱ ለፈተና?! የቅዳሜው ሥልጠናስ ትርፍ ሰዓት ተከፈላችሁ?

የባንኳ ልጅ፦
ሳንድዊችና ለስላሳ ተሰጥቶናል።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ሕጉ ሳንድዊች አይልም።

ጎሮ ሰፈር፦
በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ድረስ መደበኛ ነው ወንድሜ። ባንክ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ጨምሮ 48 ላይሞላ ይችላል። ሕግ ስትጠቅስ ሙሉውን ጥቀስ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
የሚጠራጠረው ከአሠሪው ወገን የቆመ ሰው ብቻ ነው። አንተ የሰው ኃይል አስተዳደር ነህ እንዴ?

ጎሮ ሰፈር፦
ብሆንስ?

ሚጡ፦
ነው! ነው! ያዝነው!

የ2005 ተመዝጋቢ፦
ስለ መዝራት ካወራችሁ እኔን ስሙኝ። በ2005 ዓ.ም. 23 ዓመቴ ነበር። ኮንዶሚኒየም ተመዘገብኩ። በየወሩ ሳላቋርጥ ቆጠብኩ። ልደት ቀረሁ፣ ጫማ ቀረሁ፣ አንዲት ልጅ «አንተ ቁጥር ብቻ ነው የምታወራው» ብላ ተወችኝ። በ2014 ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ሳንጨፍር ተሰረዘ፣ ሲስተሙ ተነካክቷል ተባለ። ከዚያ በኋላም ስሜ አልወጣም። ይኸው 2018 ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የማጨጃ ጊዜው መቼ እንደሆነ ሰውየውን ጠይቁልኝ።

ቆጣቢው፦
የአንተ ችግር ዕጣ ነው፣ ቁጠባ አይደለም። ዕጣን ከጥረት ጋር አትቀላቅል።

ሻይ በሎሚ፦
የእኔስ? ውጭ ወጥቼ ልማር ብዬ አምስት ዓመት አጠራቀምኩ። በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። ገንዘቤ አልተሰረቀም። እዚያው ደብተሬ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሆነ። ያኔ ጓደኛዬ ብሩን በሙሉ አርባ ምንጭና ኮንሶ ዞሮ ጨርሶት ነበር። ስናነጻጽር እሱ ፎቶ አለው። እኔ ስቴትመንት አለኝ።

ቆጣቢው፦
ታዲያ ብር ወረደ ብለን ሁላችንም እንጨፍር?

ሻይ በሎሚ፦
እንጨፍር አላልኩም። «ዘርተህ ታጭዳለህ» ብለህ በዋስትና አትማል ነው የምለው። ማሳው የእኔ አይደለም፣ ዝናቡም የእኔ አይደለም።

ከሪያድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳነብ ቆየሁ፣ ልተወው ብዬም ነበር። እኔ በ19 ዓመቴ ነው የወጣሁት። አሁን 28 ነኝ። ሃያዎቼ በሰው ወጥ ቤት ነው ያለፉት። ሙያ ወይስ መዝናናት የሚል ጥያቄ ማንም አቅርቦልኝ አያውቅም። ወንድሜ በላክሁለት ብር ይማራል። ባለፈው ከሐዋሳ ፎቶ ለጠፈ፤ አሳ እየበላ፣ መነጽር አድርጎ። ደስም አለኝ፣ አለቀስኩም። የዘራሁት እኔ፣ ያጨደው እሱ።

ቆጣቢው፦
ይኸው! ሰማችሁ? የባንኳ ልጅ፣ አንቺ በኤሲ ተቀምጠሽ ላንጋኖ ቀረብኝ ትያለሽ። እህታችን ምን ትበል?

ከሪያድ፦
ወንድሜ፣ እኔን ዱላ አድርገህ ሌላ ሰው አትምታብኝ። እሷ ላንጋኖ ትሂድ ብዬ ነው የጻፍኩት። እኔ ያጣሁትን እሷም እንድታጣ የምመኝ መሰለህ?

ሚጡ፦
የኔ ቆንጆ ❤️ እግዜር በሰላም ያግባሽ።

ቆጣቢው፦
አልመታሁም። ምሳሌ ነው ያነሳሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ላይ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሃያዎቹን የማስታውሰው በመንገድ ቁጥር ነው፤ 495፣ 270፣ 95። አገር ቤት ያላችሁ ቢያንስ ቡና ላይ ሰው ታገኛላችሁ። ስለዚህ አታማሩ።

ጎሮ ሰፈር፦
ዲያስፖራ መጣ። አሁን «እኛ እዚህ ስንለፋ» ይጀመራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ባለፈው ለምን ብር አልላክህም ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ሰዉ ይስማ?

ጎሮ ሰፈር፦
እሱን በውስጥ መስመር እንነጋገራለን።

ሚጡ፦
ሴቶቹስ? እስካሁን ማንም አላነሳውም። ወንድ በሃያዎቹ ሲሠራ «ጎበዝ» ይባላል። እኔ 27 ነኝ። ቢሮ «ዝሩ» ይሉኛል፣ ቤት ደግሞ «ዘርሽን አሳዪን» ይሉኛል። አክስቴ እንደሆነች በየበዓሉ «ዕንቁላል ጊዜ አለው» እያለች ነው ዶሮ የምትገነጥለው። ለወንዱ ሁለት ምርጫ ነው፤ ሥራ ወይ ጨዋታ። ለእኛ ሦስት ነው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚመርጥልን። ላንጋኖማ ሄጄ ሳምንት ሙሉ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ተብያለሁ።

የባንኳ ልጅ፦
እናቴ አሁን ከጀርባዬ እያነበበች ነው። «ከማን ጋር ነበረች?» አለች።

ሚጡ፦
😂😂😂 እማማ፣ ከሴቶች ጋር ነበርኩ።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ አሳየችኝና አነበብኩት። እኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ በ1969 ነው። በዕድሜ የምትቀርቡኝ ካላችሁ ይገባችኋል፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። ሰዓት እላፊ ነበር። ያኔ መዝናናት ማለት ከእነ ነፍስ ቤት መግባት ነበር። በኋላ አስተማሪ ሆንኩ፣ ክፍለ ሀገር ተመደብኩ፣ ልጆች መጡ። ላንጋኖን ያየሁት በ60 ዓመቴ፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ልጆቼ ወስደውኝ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከመኪና በር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ወጣቶች ሲዋኙ አየሁ። ውሃው ቡናማ ነው።

ሚጡ፦
ጋሽዬ… ምን ልበልዎት። ዕድሜ ይስጥዎት።

ቆጣቢው፦
አባቴ፣ እርስዎ ግን ልጆች አሳድገው፣ አስተምረው፣ መኪና ይዘው እስኪወስዱዎት ደርሰዋል። ይኼ ማጨድ አይደለም?

ጡረተኛው፦
ነው ልጄ፣ ተመስገን። ጉልበቴን ግን የሆነ ቦታ ጥዬዋለሁ።

ጎሮ ሰፈር፦
ይቅርታ ጋሼ፣ ግን የላንጋኖ ውሃ ቡናማ አይደለም። ቀላ ያለ ነው።

የሐረር ልጅ፦
ቡናማ ነው። ሻይ በወተት ዓይነት። ቢልሃርዚያ ግን የለበትም ይባላል፣ ሰው የሚመርጠውም ለዚያ ነው።

ጎሮ ሰፈር፦
እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።

ሚጡ፦
ሁለት ጊዜ?! «አሠልጣኙ ትክክል ነው» ስትል የነበርከው ሰውዬ? ቆጣቢው፣ ይኼን ሰምተሃል? ያንተው ደጋፊ ሁለት ጊዜ ሄዷል!

ጎሮ ሰፈር፦
በሥራ ነው የሄድኩት። ለስብሰባ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
በአበል። 😂

ቆጣቢው፦
የእኔን ነገር አታጣሙት። እኔ የባንኳ ልጅ እንድታውቀው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አሁን ለሠራተኛ የሚሰጠው የቤት ብድር ወለድ ከባንኩ ብትወጪ አታገኚውም። ዕድገት ካገኘሽ የብድር ጣሪያሽም ከፍ ይላል። ሦስት ዓመት ጥርስሽን ንከሺ። ከዚያ የራስሽ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ ላንጋኖን ታስቢያለሽ።

የባንኳ ልጅ፦
ታስቢያለሽ?

ቆጣቢው፦
ትሄጃለሽ ማለቴ ነው።

የባንኳ ልጅ፦
አይ፣ «ታስቢያለሽ» ነው ያልከው። ስታስብ ነው እንዴ የኖርከው?

ሻይ በሎሚ፦
ቃሉ አምልጦት ነው እውነቱን የተናገረው።

ቆጣቢው፦
አንድ ቃል ይዛችሁ ሰው አትጨርሱ። እኔ ደስተኛ ነኝ። እናቴን ሀጅ ልኬያለሁ። የታናናሾቼን ክፍያ እከፍላለሁ። ይኼ ሁሉ የላንጋኖ አሸዋ ላይ ተጋድሜ ይመጣ ነበር?

ከሪያድ፦
ይኼን ከመጀመሪያው ብትነግረን ጥሩ ነበር። እናትህ ዕድለኛ ናቸው።

የባንኳ ልጅ፦
እኔም ለእናቴ እልካለሁ እኮ። ያልኩት ሦስት ቀን ነው። ከአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን። ሰኞ የዕረፍት ፎርም ልሞላ ነው። ዓርብን ጨምሬ።

ሚጡ፦
እኔም አለሁ! ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ ዝዋይ ላይ አሳ በልተን። ቆጣቢው፣ መኪና እንዳለህ አውቃለሁ። ና ውሰደን። ነዳጅ እንካፈላለን።

ቆጣቢው፦
መቼ?

ሚጡ፦
በሚቀጥለው ወር መጨረሻ።

ቆጣቢው፦
ሰኔ ነዋ። ሒሳብ መዝጊያ ነው።

ሚጡ፦
ሐምሌስ?

ቆጣቢው፦
ሐምሌ ኦዲተሮች ይመጣሉ።

ሻይ በሎሚ፦
ነሐሴስ?

ጎሮ ሰፈር፦
ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት? ደግሞ ውሃው ቀላ ያለ ነው፣ ያን ጊዜ ሄዳችሁ ታያላችሁ።

የሐረር ልጅ፦
ቡናማ ነው አልኩህ።