«ገዳም» ከተማ መሃል ምን ይሠራል?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት ከአራት ኪሎ ወረድ ብዬ በበዓታ በኩል ሳልፍ ስሙን ልብ ብዬ አነበብኩት፤ «ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም»። አፄ ምኒልክ የተቀበሩበት ማለቴ ነው። ገዳም ከሰው የራቀ ቦታ አይደል እንዴ? ቤተ መንግሥት ጎን፣ ታክሲ ጥሩምባውን እያንጫረረ በሚያልፍበት? ደብርስ ከገዳም በምን ይለያል?

ፊደል ቆጣሪ፦ በግዕዝ ገዳም ዱር፣ በረሃ፣ ሜዳ ነው። «አራዊተ ገዳም» የዱር አውሬ እንጂ የመነነ አውሬ አይደለም። መነኮሳት ዱር ገቡ፣ ዱሩ የማኅበራቸው ስም ሆነ፤ ማኅበሩ ከተማ ሲገባ ስሙን ይዞ ገባ። ደብርም ዱሮ ተራራ ነበር (ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር)። ዛሬ ከተሜው ደብር ሲል ካህናቱ የተሟሉለትን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦ ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው በዚህ ይስቃል። ተራራ እወጣለሁ ሲል ቁልቁል ይወርዳል፤ ገዳሙ ያለው ከደጋው ጫፍ በታች፣ ገደል ሥር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲመሠርቱት ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ሊባኖስ ያሰኙት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አለቃ ማዕርግ «እጨጌ» ደግሞ ከገደሉ ወጥቶ ብዙ ተጉዟል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ ጦር ገዳሙን አቃጠለ፤ ኋላ እጨጌው መቀመጫቸውን ጎንደር አደረጉ፣ ሰፈሩም እጨጌ ቤት ተባለ። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ፣ በኋላ አቡነ ባስልዮስ፣ በ1951 የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። እስከ ዛሬ ከፓትርያርኩ ስም ቀጥሎ «እጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ይባላል። ደብረ ሊባኖስን የሚያስተዳድሩት አባት አሁን «ጸባቴ» ናቸው።

የፒያሳ ልጅ፦ እጨጌን የሰው ስም ይመስለኝ ነበር! ጋሼ፣ «ከሰው የራቀ» ያልኩት ግን አልተነካም።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ምን ርቀት አለው ልጄ? የካቲት 12 ቀን 1929 እዚሁ አዲስ አበባ የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ በግንቦት መነኮሳቱ ተረሸኑ። ገዳሙ ቦምብ ጣዮቹን ደብቋል በሚል ክስ፣ ያውም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ሰሞን፣ ምእመኑ በተሰበሰበበት። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ይላል፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከሺህ በላይ ያደርሱታል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ነፍስ ይማር። ወደ ቃሉ ልመለስና፣ «መነኩሴ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ብቸኛ፣ ለብቻው የሚኖር ማለት። «መነነ» ግን የራሳችን የግዕዝ ቃል ነው፤ ናቀ፣ ጣለ። የሚመነነው እንግዲህ ዓለም ነው። «እገሌ ገዳም መነነ» ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች፣ ሰውየው ገዳሙን ንቆ ወጣ እያላችሁ ነው።