የጣና ዳር ኦክስጅን 6.2 ወጣ፤ ለውድድር እንዴት እናቅርበው?

መምህር_ባዮ10
ሰላም ለቤቱ። ሦስት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሳይንስ ውድድር እያዘጋጀሁ ነው፤ የዘንድሮው ርዕስ ወንዞችና ሐይቆች ነው። ልጆቹ የመረጡት ጥያቄ «እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ከክፍቱ ውሃ በሟሟ ኦክስጅን ይለያል ወይ?» የሚል ነው። ባሕር ዳር አጠገብ በውሰት የኦክስጅን መለኪያ (ሜትር) ለሙከራ ስንለካ ክፍቱ ውሃ 6.2 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ወጣ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን በ23 ዲግሪ 8.6 ይላል። ልጆቹ «ሐይቁ ተበክሏል» ብለው ፖስተሩ ላይ ሊጽፉ ተነስተዋል። 5 ሳምንት ቀርቶናል። ድምዳሜው ያስኬዳል? ዳኞችስ ምን ይጠይቃሉ?

ሊምኖ
መምህር፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳይጽፉት። 8.6 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ጣና ያለው 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 81 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይወርዳል። 8.6ን በ0.81 ሲያባዙት 6.97 ይመጣል፤ 7 ይበሉት። ስለዚህ የእናንተ 6.2 ከሙሌቱ (ውሃው እዚያ ሊይዝ ከሚችለው) 89 በመቶ ነው፤ ለጠዋት ውሃ ምንም አይወጣለትም። ፖስተሩ ላይ ሚሊ ግራሙንም የሙሌት መቶኛውንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያው 23 ዲግሪ ውሃ ሲሞላ 6.5 አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው።

ከዚያ በፊት ግን ሜትሩን እንመርምረው። ካሊብሬት ሲደረግ (ልኩ ሲስተካከል) ግፊት ወይም ከፍታ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ ቁጥር፣ 1015 ምናምን የሚለውን፣ ያስገባል። እሱ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ቁጥር ነው፤ የባሕር ዳር ትክክለኛ ግፊት 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ይህ ከተሳሳተ ንባቡ ሁሉ በሩብ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። ሌላው፣ ፕሮቡ (ውሃ ውስጥ የሚገባው የሜትሩ ጫፍ) ሽፋን ያለው ዓይነት ከሆነ በራሱ ኦክስጅን ይበላል። ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ከቆመ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በዝግታ እያንቀሳቀሱ ቁጥሩ ሲረጋ ማንበብ ነው። በብርሃን የሚለካው ዓይነት ይህ ችግር የለበትም።

ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሌሊቱን ሲተነፈስ አድሮ ንጋት ላይ ዝቅተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍተኛ ይሆናል። እምቦጩን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ክፍቱን 8 ሰዓት ላይ ከለካችሁ የምታዩት ልዩነት የእምቦጭ ሳይሆን የፀሐይ ነው። ሁለቱንም ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ፣ ቅደም ተከተሉንም በየቀኑ ገልብጡ። (ሜትሩ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ደብተሩ በእኛ። በየገጹ አናት ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ 2 ሰዓት የሌሊት ይሁን የጠዋት ማንም አያውቅም።)

አቀማመጡ፦ ከእምቦጭ ሥር ሦስት ቦታ፣ ከክፍቱ ሦስት ቦታ፣ ሁሉም በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት። የውሃው ጠቅላላ ጥልቀት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ይሁን። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ማንበብ ሦስት ቦታ መለካት አይደለም፤ ዳኛ የሚይዛችሁ እዚህ ላይ ነው። ታንኳው እምቦጩን እየገፋ ከገባም አየር ያስገባል፣ ጭቃም ያነሳል። ፕሮቡን ረጅም ሸምበቆ ላይ አስራችሁ ከዳር ወደ ውስጥ ብታስገቡ ይሻላል።

ቡሬት
ሊምኖ ያለው ላይ አንድ ልጨምር፦ የውሰት ሜትር ብቻውን አይታመንም። ከስድስቱ ቦታ ሁለቱን በዊንክለር፣ ማለትም ኦክስጅንን በኬሚካል በሚለካው ዘዴ፣ አረጋግጡ።

300 ሚሊ ሊትር የመስታወት ክዳን ያለው ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሞልቶ፣ አረፋ ሳይቀር ይዘጋል። 1 ሚሊ ሊትር ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር አልካላይን አዮዳይድ አዛይድ፣ የፒፔቱ ጫፍ ከውሃው ገጽ በታች ሆኖ ይጨመራል። ዘግቶ ደጋግሞ መገልበጥ። ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ ኦክስጅን አለ፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ የለም ማለት ነው (እምቦጭ ሥር ነጭ ካያችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከማንኛውም ግራፍ በላይ ይናገራል)። ዝቃጩ ጠርሙሱ አጋማሽ ድረስ ሲወርድ እንደገና ይገለበጣል። ሁለተኛ ከረጋ በኋላ 1 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮ ዝቃጩ እስኪሟሟ ይገለበጣል። አሲዱንና አዛይዱን መምህሩ እንጂ ተማሪ አይንካው፤ አዛይድ መርዝ ነው።

ከዚያ 201 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ0.025 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ታይትሬት አድርጉ (ቀለሙ እስኪጠፋ ጠብ እያደረጋችሁ ስንት እንደፈጀ ለኩ)፤ የፈጀው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። 200 ያልሆነው ሁለቱ መድኃኒቶች ያስወጡትን ውሃ ለማካካስ ነው። ስታርች የሚጨመረው ቀለሙ የገለባ ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑን አጥብቆ ይይዝና ማብቂያው ያልፋችኋል። ሰማያዊው መጀመሪያ የጠፋበት ላይ አቁሙ፤ ቆይቶ ቢመለስ አትከተሉት። የከረመ ታዮሰልፌት ጉልበቱ ስለሚቀንስ በዚያው ሳምንት ይለካ።

መምህር_ባዮ10
እግዜር ይስጥልኝ። ሰንጠረዡን ዛሬውኑ እናስተካክላለን። ልጆቹ የውሃውን ግልጽነትም መለካት ይፈልጋሉ፣ ሴኪ ዲስክ (ውሃ ውስጥ እየወረደ የሚጠፋበት ጥልቀት የሚለካ ክብ ሰሌዳ) ግን የለንም። የቃል ጥያቄውስ?

ቦቲ ጫማ
ዲስኩን ራሳችሁ ሥሩት። 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ቆርቆሮ፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ፣ ቀለሙ የማያብረቀርቅ፣ ከሥሩ ክብደት። ገመዱ የናይለን አይሁን፣ ሲርስ ይለጠጣል። በታንኳው ጥላ በኩል ይውረድ፤ የጠፋበትና ሲሳብ የታየበት ጥልቀት አማካይ ነው መልሱ። መነጽር ያደረገ ልጅ ካለ በየቀኑ ያው ልጅ ያንብብ። ግን እምቦጭ ሥር ሴኪ ትርጉም የለውም፣ ከላይ ብርሃኑ ተዘግቷል፤ ለክፍቱ ብቻ ተጠቀሙበት።

ዳር ላይ ማንም በባዶ እግሩ እንዳይገባ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና እምቦጭ ባለበት ዳርቻ ነው፣ የቢልሃርዚያው ትል እጭም ቆዳ ውስጥ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ቦቲ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት፣ ታንኳ ላይ የሕይወት ጃኬት።

ሊምኖ
ለቃል ጥያቄው፦ ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ስለዚህ ነፋስ ደለሉን ከሥር ያነሳዋል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋናዎቹ ገባሮች ናቸው፤ የተፈጥሮ መውጫው አባይ ብቻ። ጥልቁ ሐይቃችን ሻላ ነው፣ 266 ሜትር። ሐዋሳ የገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ «ታዲያ ለምን ጨው አልሆነም?» የሚለው የዳኞች ተወዳጅ ጥያቄ ነው፣ ከመሬት በታች የሚሰርገውን ውሃ ያስቡበት።

ከሁሉ በላይ ግን ኦክስጅኑ እምቦጭ ሥር ለምን እንደወረደ ሦስቱንም ምክንያት ለየብቻ መናገር አለባቸው፦ ብርሃን ተዘግቶ ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ ኦክስጅን አለማምረቱ፣ ምንጣፉ ነፋስና ሞገድ ከልክሎ አየር አለመግባቱ፣ የረገፈው ቅጠልና ሥር ሲበሰብስ ባክቴሪያው መብላቱ። «የእናንተ መረጃ ከሦስቱ የትኛውን ያሳያል?» ከተባሉ መልሱ «የትኛውንም ለይቶ አያሳይም፣ ድምራቸውን ነው» ነው።