በኤሌክትሪክ የሚቆለፉ የመውጫ በሮች ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር የግድ መገናኘት አለባቸው?

ጥያቄ፦ የሕንፃ ጥገና ኃላፊ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። በኃላፊነት የምሠራበት ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ አንድ ተከራይ ድርጅት፣ ወደ አደጋ ጊዜ ደረጃው የሚያስወጡትን በሮች ጨምሮ፣ ከውጭ በጣት አሻራ፣ ከውስጥ ደግሞ ግድግዳ ላይ በሚገጠም በተን የሚከፈቱ የማግኔት መቆለፊያዎችን ማስገጠም ይፈልጋል። ገጣሚው መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ በራሱ ስለሚለቅ ከፋየር አላርም ፓነሉ (ከእሳት ማስጠንቀቂያው መቆጣጠሪያ ሣጥን) ጋር ማገናኘት አያስፈልግም ይላል። መቆለፊያዎቹ ኃይል የሚያገኙት ባትሪ ካለው ሣጥን ሲሆን ሕንፃው ጄኔሬተርም አለው። የፋየር አላርሙ ዲዛይን የተሠራው በኤንኤፍፒኤ (በአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር) መሥፈርቶች ስለሆነ፣ በእነዚህ መሥፈርቶች መሠረት የገጣሚው አባባል ትክክል መሆኑን የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ የፋየር አላርም ቴክኒሽያን፣ ቨርጂንያ

ገጣሚው ስለ ማግኔቱ ጠባይ የተናገረው ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ግን አደገኛ ነው። እርስዎ እንደገለጹት ባትሪና ጄኔሬተር ባለበት ሕንፃ የመንግሥት መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ ኃይል አያጣም። እሳት ሲነሣም መብራቱ ወዲያው ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ኮሪደሩ በጭስ ተሞልቶ መቆለፊያው እንደተያዘ ሊቆይ ይችላል። ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ጉልበት ያለውን ማግኔት ደግሞ ሰው ገፍቶ አይከፍተውም።

የሰው ሕይወት ደኅንነትንና መውጫዎችን የሚመለከተው ደንብ ኤንኤፍፒኤ 101 እንዲህ ያለውን በር የሚፈቅደው ቅድመ ሁኔታዎቹ አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል ወደ በሩ የሚቀርበውን ሰው ዐይቶ መቆለፊያውን የሚያስለቅቅ ሴንሰር መኖር አለበት፤ ሴንሰሩ ኃይል ካጣም በሩ መከፈት አለበት። በተጨማሪም ከወለሉ ከ1015 እስከ 1220 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከበሩም ከ1525 ሚሊ ሜትር ባልራቀ ቦታ የመውጫ በተን ይገጠማል። ይህ በተን ትእዛዙን በአክሰስ ኮንትሮሉ (በመግቢያ መቆጣጠሪያው ሲስተም) በኩል የሚያስተላልፍ ሳይሆን የመቆለፊያውን ኃይል ራሱ በቀጥታ የሚቆርጥ፣ በሩንም ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ሳይቆለፍ የሚያቆይ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ በሕንፃው ያለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ወይም ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ) ሥራ ሲጀምር በሩ በራሱ መለቀቅ፣ ሲስተሙ በሰው እጅ ወደ ቦታው እስኪመለስም ድረስ ሳይቆለፍ መቆየት አለበት። ስለዚህ የእናንተ ዕቅድ የፓነሉ ግንኙነት ብቻ ሳይሆን ሴንሰሩም ይጎድለዋል።

ስለ ባትሪ ደግሞ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደንቡ ኤንኤፍፒኤ 72 በግልጽ ይናገራል፤ የማስጠንቀቂያ ሲስተሙ መጠባበቂያ ባትሪ የመውጫ በሮችን ቆልፎ ለማቆየት አይውልም፤ ይህ የሚፈቀደው ዋናው ኃይል ከተቋረጠ በኋላ በሮቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲለቀቁ ተደርጎ ከተሠራ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የደረጃዎቹ በሮች እሳት የሚቋቋሙ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ሲነሣ ሁሉም ከተለቀቁ ጭሱ ወደ ደረጃው አይገባም?

መልስ 2፦ አርክቴክት፣ አዲስ አበባ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የተለቀቀ በር ሁሉ ወለል ብሎ የተከፈተ በር አይደለም፤ እሳት የሚቋቋም በር ቁልፉ ቢለቀቅም በመዝጊያው ክንድ ተገፍቶ መዘጋት፣ ምላሱም በመቃኑ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ኃይል ሲቋረጥ የሚለቅ የኤሌክትሪክ ስትራይክ (መቃኑ ላይ የሚገጠም የምላስ መያዣ) በእነዚህ በሮች ላይ የማይገጠመውም ምላሱን ስለሚለቀው ነው፤ እሳቱ በፈጠረው ግፊት በሩ ሊከፈት ይችላል።

በሌላ በኩል፣ አምስትና ከዚያ በላይ ፎቆችን በሚያገለግል ደረጃ ውስጥ እየወረደ ያለ ሰው ከታች ጭስ ቢያጋጥመው ወደ አንዱ ወለል ተመልሶ መግባት መቻል አለበት። ስለዚህ ከደረጃው በኩል የሚቆለፉት በሮች ማስጠንቀቂያው ሲነሣ እጀታቸው የሚለቀቅ፣ ምላሳቸው ግን እንደያዘ የሚቆይ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ቢገጠምላቸው ይሻላል።

እኔ ብጠየቅ በደረጃው በሮች ላይ ማግኔት ጨርሶ እንዳይገጠም እመክራለሁ። ከውስጥ በኩል ሁልጊዜ በእጀታ የሚከፈት ቁልፍ ቢደረግ፣ የሚወጣው ሰው ሴንሰርም በተንም ፓነልም ሳይጠብቅ እጀታውን ተጭኖ ይወጣል፤ ድርጅቱም የሚፈልገውን የመግቢያ ቁጥጥር ከውጭ በኩል ያገኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ 146 ሰዎች ሲሞቱ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ለዛሬው ኤንኤፍፒኤ 101 መነሻ የሆነው ኮሚቴም የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1913 ነው። ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በሰው መውጫ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ነገር በዚህ ዓይን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

መልስ 3፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ዱባይ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ በሥራ ላይ ደጋግሜ የማየውን አንድ ስሕተት ብቻ ልጠቁም። አንዳንድ ገጣሚዎች የፓነሉን ሪሌይ (በፓነሉ ትእዛዝ መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያስገቡት ወደ ኃይል ሣጥኑ በሚገባው የመብራት መስመር ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲነሣ መብራቱ ይቋረጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ግን ማግኔቱን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። ሪሌዩ መግባት ያለበት ከባትሪው በኋላ፣ ወደ መቆለፊያው በሚሄደው መስመር ላይ ነው። የመቆጣጠሪያው ሽቦም ቢበጠስ በሩ የሚለቀቅ እንጂ ተቆልፎ የሚቀር እንዳይሆን ተደርጎ መዘርጋት አለበት።

ሥራውን ስትረከቡ በተኑን ተጭናችሁ በሩ ተከፈተ ብላችሁ አትፈርሙ። ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ መብራቱም ሳይጠፋ፣ አንድ የጭስ ጠቋሚ በሙከራ ጭስ አስነሡና እያንዳንዱን በር በእጃችሁ ገፍታችሁ ተመልከቱ። የደወሉን ድምፅ ብቻ ዝም አሰኝታችሁም በሮቹ ተመልሰው አለመቆለፋቸውን አረጋግጡ፤ ሲስተሙ ሪሴት ከመደረጉ በፊት የሚቆለፍ በር ካገኛችሁ ሥራው አላለቀም።